ስለ ውጅግራና ስለ ጎጃም ድኩላ አደን

በግእዝ አውሬ የሚያድን ሰው ነዓዊ ይባላል፤ ከጥፋት የሚያወጣ ግን መድኅን ይባላል። ሁለቱ ቃላት በድምፅም በምስጢርም አይገናኙም። አማርኛ ግን አንዱን ከአደነ፣ ሁለተኛውን ከአዳነ አውጥቶ ሁለቱንም አዳኝ ብሎ ይጠራቸዋል። ይህ ለባለ ቅኔ የተዘጋጀ ኅብረ ቃል ነው፤ ሰሙ ገዳይ ሲሆን ወርቁ መድኅን ይሆናልና። እንዲያው የድምፅ መገጣጠም ቢመስልም፣ ከቆጋ ወንዝ ዳር ጀምሮ እስከ ቡሬና እስከ ዐባይ ቈላ ድረስ በነበረው የአደን ልማድ ውስጥ እውነተኛ ፍች አለው። በአሮጌው ባለአንድ ጥይት ጠመንጃ ዘመን ድኩላ የሚገድለው ሰው፣ ሳያስበው የድኩላን ዘር የሚያተርፍ ሰው ነበረና። ስለዚህ ያ ጠመንጃ ለምን እንደ ተወደደ፣ አደኑስ በምን ልክ ይመዘን እንደ ነበረ መመርመር የጨዋታ ነገር ብቻ አይደለም።

በመጀመሪያ የሚታደነውን እንስሳ ለይቶ ማወቅ ይገባል። በመጽሐፍ ዋላ የሚባለው፣ ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚከፋፈለውና በየዓመቱ ቀንዱን ጥሎ ሌላ የሚያበቅለው እንስሳ በኢትዮጵያ ዱር አይገኝም። በጎጃም የእርሱን ስፍራ የያዙት ድኩላ፣ ሚዳቋና ሰስ ናቸው፤ የእነዚህም ቀንድ አንድ ጊዜ ከበቀለ አይወድቅም። ከሦስቱ አዳኞች አብልጠው የሚሹት ድኩላን ነው። ድኩላ በመንጋ አይሄድም፤ ከውሃ ባልራቀ ጥሻ ውስጥ ለብቻው ይኖራል፤ ጎሕ ሲቀድና ፀሓይ ስትጠልቅ ለግጦሽ ይወጣል፤ ሲደነግጥም ድምፁ እንደ ውሻ ጩኸት ነው። ወንዱ የተጠማዘዘ ቀንድ አለው፤ ሴቲቱ ግን የላትም። ቈስሎ ጥሻ የገባ ወንድ ድኩላ በተከተለው ሰው ላይ ይመለሳልና፣ ማንም አዳኝ እንደ ቤት ፍየል ሊንቀው አይችልም።

ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ ከ1824 እስከ 1825 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ሲዘዋወር እስከ ጎንደር ደርሶ ነበር። በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1835 ድኩላን በላቲን መዝገብ ሲያስገባ ሌላ ስም አልፈለገለትም፤ አገሬው የሚጠራበትን ስም ወስዶ ዴኩላ ብሎ ጻፈው። ዋልያንና ጭላዳ ዝንጀሮንም እንዲሁ በአገራቸው ስም መዘገባቸው። ስለዚህ የዓለም ሊቃውንት ይህን እንስሳ በመዝገብ ስሙ ሲጠሩ እስከ ዛሬ ድረስ በአማርኛ ይጠሩታል።

የመሣሪያው ስም ግን ሁሉ ከውጭ የመጣ ነው። ነፍጥ ከዐረብ፣ ጠመንጃም ከቱርክ ቋንቋ የተወረሱ ቃላት ናቸው። የነፍጥ ኀይል ለኢትዮጵያ ሰው በግልጥ የታየው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ነው። በ1533 ዓ.ም. ወደ 400 የሚሆኑ ፖርቱጋሎች ነፍጥ ይዘው ገቡ፤ በየካቲት 1535 ዓ.ም.ም ኢማም አሕመድ በወይና ደጋ ጦርነት በነፍጥ ተመትቶ ወደቀ። ነገር ግን ያ ጠመንጃ በአፉ ባሩድና አረር የሚጎርስ፣ በክር እሳት የሚተኰስ ነበረና በጦር ሜዳ ሰውን ማስደንገጥ ቢችልም ጆሮው የነቃ የዱር እንስሳን ለማደን የሚመች አልነበረም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1764 ዓ.ም. ከጎንደር በታች ባለው ቈላ የዝሆን አደን ሲመለከት፣ ያየው የሰይፍን ሥራ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ፈረስ ተቀምጠው ዝሆኑን ይቀርቡታል፤ የኋለኛውም ዘልሎ ወርዶ የዝሆኑን የተረከዝ ጅማት በሰይፍ ይቈርጣል። ከነፍጥ መግባት ከ200 ዓመት በላይ በኋላ እንኳ የአደን ክብር ገና በሰይፍ ነበረ።

ነገሩን የለወጠው ከኋላው የሚጎርሰው፣ ጥይቱ በናስ ቀለህ የተዘጋጀው ጠመንጃ ነው። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ሠራዊት ስናይደር የሚባለውን ጠመንጃ ይዞ መጣ፤ በ1868 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በጉንደትና በጉራዕ ግብፆችን ድል ሲያደርጉ ብዙ ረሚንግተን ተማረከ። ከዚያም በባሕር በር በኩል የፈረንሳይና የሌላም አገር ጠመንጃ በግመል እየተጫነ መግባት ጀመረ። የፈረንሳዩ ባለ ቅኔ አርተር ራምቦ እንኳ ግጥም መጻፉን ትቶ በ1879 ዓ.ም. ወደ 2 ሺህ የሚጠጋ አሮጌ ጠመንጃ ከታጁራ አስጭኖ ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ ሸዋ ገብቶ ነበር። የኢትዮጵያ ሰው እነዚህን እንግዶች እንደ ገና በራሱ አንደበት ሰየማቸው። ስናይደር ሰናድር ሆነ፤ ማንሊኸር ምንሽር፣ አልቢኒ አልቢን፣ ለቤል ለበን ተባሉ። ፈረንሳዮች ፉዚ ግራ፣ ይኸውም የግራ ጠመንጃ የሚሉት፣ ውጅግራ ተብሎ ከአገሩ ቃል እንደ አንዱ ሆነ።

ጎጃም በዚህ ንግድ ከሁሉ በኋላ የቀረ አገር ነበረ። ሦስት ወገኑ በዐባይ የተከበበ ስለ ሆነና ከባሕር በር ስለሚርቅ፣ ጠመንጃ የሚደርሰው በሌሎች መኳንንት ግዛት አልፎ ነው። የነፍጥን ነገር ግን በመከራ ተምሮታል። ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ከደጃዝማች ካሣ፣ ከኋለኛው ዐፄ ቴዎድሮስ ጋራ ሲዋጉ በጥይት ተመትተው ሞቱ። በጥር 1873 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም በግንቦት 1874 ዓ.ም. በእምባቦ ከንጉሥ ምኒልክ ጋራ ተዋግተው ተማረኩ። ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ በ1888 ዓ.ም. እኒሁ ንጉሥ የጎጃምን ጦር ይዘው ከዐፄ ምኒልክ ጋራ ዓድዋ ዘመቱ፤ በዚያ ጦርነት ከጣልያን ወደ 11 ሺህ የሚገመት ጠመንጃ ተማርኳል። እንግዲህ በዳሞት ባላገር ቤት ከምሰሶው ላይ የሚንጠለጠለው ጠመንጃ በገንዘብ ብቻ የተገኘ ዕቃ አይደለም፤ የአያት ዘመቻ ምስክር ነው። ልጅ ጠመንጃውን ሲወርስ ታሪኩንም አብሮ ይወርሳል። ለአሮጌው ጠመንጃ የነበረው ፍቅር አንዱ ሥሩ ይህ ነው።

ሁለተኛው ሥር ያለው በራሱ በጠመንጃው አሠራር ነው። ውጅግራ የፈረንሳይ ሠራዊት በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1874 የተቀበለው መሣሪያ ነው። አፈ ሙዙ 11 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ አረሩ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ ነው፤ ባሩዱም ጥቁር ባሩድ ነው። የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው። ተኳሹ ከተኰሰ በኋላ የኋላውን ብረት ወደ ራሱ ስቦ ቀለሁን ያወጣል፤ ከዝናሩ ሌላ ጥይት መዝዞ ያጎርሳል፤ ብረቱንም መልሶ ይዘጋል። በዚህ መካከል የጥቁሩ ባሩድ ጢስ ፊቱን ይሸፍነዋል፤ ዒላማውን ለማየት ወደ ጐን ፈቀቅ ማለት አለበት። ጢሱ ሲገለጥ ያልተመታ ድኩላ ፈፋውን ተሻግሮ ሄዷል።

ስለዚህ አደኑ የሚፈጸመው ቃታው ከመሳቡ በፊት ነው። አዳኙ ከሌሊቱ ተነሥቶ በብር፣ በፈጠም ወይም በተምጫ ሸለቆ ይወርዳል፤ የነፋሱን አቅጣጫ ይመረምራል፤ ድኩላው ውሃ የሚጠጣበትን ዱካ ያያል፤ ከብሳና ወይም ከዋንዛ ግንድ ሥር አድፍጦ ይጠብቃል። አረሩ ከባድ እንደ መሆኑ ርቆ ሲሄድ ወደ ታች ይወርዳልና ከሩቅ መተኰስ ጥይት መጣል ነው። ድኩላው ጐኑን እስኪሰጥ፣ ሣሩ ከፊቱ እስኪለቅ ድረስ መታገሥ ያስፈልጋል። ብዙ ቀን ድኩላው ጐኑን ሳይሰጥ ፀሓይ ትወጣለች፤ ሰውየውም ጥይቱን ከነመላው ይዞ ይመለሳል። ይህ እንደ ነውር አይቈጠርበትም። ነውሩ አቍስሎ መልቀቅ ነው።

የጥይቱም ዋጋ ትዕግሥትን ያስተምር ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ በብዙ የኢትዮጵያ ገበያ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ ነበረ፤ በጥይት እህልም ልብስም ይገዛ ነበር። የተተኰሰው ቀለህ እንኳ አይጣልም፤ ባሩድና እርሳስ ተሞልቶ እንደ ገና ያገለግላል። በዝናር ያለው ጥይት ሁሉ በከረጢት እንዳለ ገንዘብ ነውና፣ አንድ ጥይት የተኰሰ ሰው ከመቀነቱ ገንዘብ ፈትቶ እንደ ሰጠ ነው። የድኩላ ሥጋ ከአንድ ጥይት ዋጋ እጅግ ስለማይበልጥ፣ ሁለተኛ ጥይት የሚያባክን ሰው በገዛ እጁ ይከስራል። በአገር ውስጥ አንጥረኞች እጅ የተሠራው ጠመንጃ ቆመህ ጠብቀኝ ተብሎ መሰየሙም ከዚህ የተነሣ ነው። ባለቤቱ እስኪያጎርስ ድረስ ጠላቱ ቆሞ እንዲጠብቀው የሚለምን መሣሪያ ነው ማለት ነው። ስሙ ቀልድ ነው፤ ነገር ግን የአሮጌውን አደን ሥርዐት ከዚህ ቃል አብልጦ የሚገልጥ የለም።

ይህ ሚዛን ለሁሉም እንስሳ አልሠራም። የዝሆን ጥርስ ዋጋ ከብዙ ጥይት ዋጋ ስለሚበልጥ፣ ለዝሆን የባለአንድ ጥይት ጠመንጃ ዝግታ መዳኛ አልሆነውም። በዐባይ ማዶና ማዶ ባለው ቈላ ይገኝ የነበረው ዝሆን በጥርሱ ምክንያት ተሳደደ፤ የባሶ ገበያ ጥርስ ከሚሸጥባቸው የጎጃም ገበያዎች አንዱ ነበረ። ድኩላ የተረፈው ጠመንጃው ስለ ራራለት አይደለም፤ የሚሸጥ ጥርስ ስለሌለውና ሥጋው ጥይቱን እምብዛም ስለማያካክስ ነው። ይህን መለየት ይገባል፤ አሮጌ ብረት በራሱ ምሕረት የለውምና።

ከጥይት ዋጋ በላይ ደግሞ የሃይማኖት ሥርዐት ነበረ። በኦሪት ዘዳግም በ14ኛው ምዕራፍ ሰኰናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ የዱር እንስሳ እንዲበላ ተፈቅዷል፤ ስለዚህ ድኩላና ሚዳቋ ንጹሓን ናቸው። ነገር ግን ደሙ ሳይፈስ የሞተ እንስሳ በክት ነው፤ ሥርዐቱን የሚጠብቅ ክርስቲያን አይበላውም። እንግዲህ አዳኙ ድኩላውን ከመታ በኋላ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ በስመ ሥላሴ መባረክ አለበት። ከሩቅ ተኵሶ፣ ሲመሽ የደረሰ ሰው ያገኘው ሬሳ ነው። ይህ ሥርዐት አዳኙን ወደ ዒላማው ያቀርበዋል፤ እርግጠኛ ያልሆነ ተኵስም ይከለክለዋል። በዚህ ላይ ጾም አለ። ለምእመናን ሁሉ የታዘዘው የጾም ቀን በዓመት ወደ 180 ይደርሳልና፣ ሥጋ ፈልጎ የሚያድን ሰው ግማሽ ዓመት ያህል የሚያድንበት ምክንያት የለውም። መስከረም 27 ቀን በስንክሳር የሚታሰበው ቅዱስ ኤዎስጣቴዎስ፣ የሮም ጦር አለቃ ሳለ ለአደን ወጥቶ በሚያሳድደው ዋላ ቀንዶች መካከል የመስቀል ምልክት ያየው ነው። ሊያድን ወጥቶ የዳነ ሰው ነው። በመግቢያው የተነገረው ኅብረ ቃል በእርሱ ገድል ተፈጽሟል።

አንድ ጥይት በሚጎርስ ወይም በእጅ በሚሠራ አሮጌ ጠመንጃ ማደንን መውደድ የጎጃም ሰው ጠባይ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ከኤውሮጳ 1866 ጀምሮ ዊንቸስተር የሚባለው ፋብሪካ ከቃታው ሥር ባለ የብረት እጄታ የሚሠራ ጠመንጃ አወጣ። ተኳሹ እጄታውን ወደ ታች ገፍቶ ሲመልሰው ቀለሁ ይወጣል፤ ከአፈ ሙዙ ሥር ከተዘረጋው ቱቦም ሌላ ጥይት ይገባል። ጆን ብራውኒንግ የሚባለው ባለ ጥበብ የነደፈው የ1894 ዓይነት ከ7 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ከእርሱ የሚፈጥንና ርቆ የሚመታ መሣሪያ ከመጣ ብዙ ዘመን ቢሆንም፣ የአሜሪካ ባላገር ዋላ ለማደን እስከ ዛሬ ይህንኑ የአያቱን ጠመንጃ ይዞ ዱር ይገባል። ቀጭንና ቀላል ነው፤ በኮርቻ ሥር ይገባል፤ በጥሻ ውስጥ ከቅርብ ለሚተኵስ ሰው ይበቃል። ከሩቅ ስለማይመታ ግን ባለቤቱን አድብቶ እንዲቀርብ ያስገድደዋል። የውጅግራ ባለቤት ከሚመካበት ምክንያት የተለየ አይደለም።

አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። በአሜሪካ ያ ፈጣን ጠመንጃ በበዛበት ዘመን ዋላው ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ጅራተ ነጭ የሚሉት ዋላ በኤውሮጳ 1900 ገደማ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ዝቅ ብሎ እንደ ነበረ ይገመታል። ከዚያ በኋላ የአደን ወራት በሕግ ተወሰነ፤ ለገበያ ማደን ተከለከለ፤ በ1937ም ከጠመንጃና ከጥይት ሽያጭ የሚገኘው ቀረጥ ለዱር እንስሳ ጥበቃ እንዲውል ሕግ ወጣ። ዛሬ የዚያ ዋላ ቍጥር 30 ሚሊዮን ያህል ይገመታል። አዳኙ ለጥይቱ በከፈለው ገንዘብ ዋላው ዳነ። በጎጃም የጥይት ውድነት በልማድ የሠራውን፣ እነርሱ በሕግ ሠሩት ማለት ነው።

በጎጃም ልማዱ የፈረሰው በጦርነት ዘመን ነው። ጣልያን አገሩን ከያዘ በኋላ የሕዝቡን መሣሪያ ለመግፈፍ መሞከሩ በ1930 ዓ.ም. ለተነሣው ዐመፅ ከምክንያቶቹ አንዱ ሆነ። ጠመንጃውን ስጥ የተባለው ባላገር የአባቱን ርስት ስጥ እንደ ተባለ ቈጥሮታልና። ብዙ አርበኛ በአሮጌ ጠመንጃና በጥቂት ጥይት ዱር ገባ፤ በድኩላ አደን የተማረውን ማድፈጥና ጥይት መቈጠብ በጠላት ላይ ሠራበት። በጥር 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ በኦሜድላ ገብተው በበላያ በኩል ወደ ጎጃም ሲገሠግሡ፣ በየካቲት ወር የጣልያን ጦር ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሸሸ። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ትባላለች፤ በዚያ ዘመን ግን መንገዱ የጦርነት መንገድ ነበረ።

ድሉ ከተገኘ በኋላ ከጠላት የተማረከው ስድስት ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ በየቤቱ ገባ፤ በኋለኛው ዘመንም ሠላሳ ጥይት በአንድ ጊዜ የሚይዘው ክላሽንኮቭ ተከተለ። ጥይትም መገበያያ መሆኑ ቀረ። አንዱ ቢስት ሌላው ይመታል የሚል ሐሳብ መጣ፤ ትዕግሥት ሞኝነት መሰለ። በዚያው ዘመን ጥሻው ተመንጥሮ እርሻ ሆነ፤ ድኩላውም መሸሸጊያ አጣ። እንግሊዛዊው ቼዝማን ከ1918 እስከ 1926 ዓ.ም. ድረስ በዳንግላ ቆንሲል ሆኖ የዐባይን ሸለቆ በእግሩና በበቅሎ ሲለካ ያየው ዱር ዛሬ በብዙ ስፍራ የጤፍና የበቈሎ ማሳ ነው። ለጥፋቱ ጠመንጃውን ብቻ መክሰስ ትክክል አይሆንም፤ ምሳርና ማረሻም ድርሻ አላቸው።

መንግሥት ነገሩን አላየም አይባልም። ዐፄ ምኒልክ በዘመናቸው ማብቂያ አደንን የሚገታ ደንብ አውጥተዋል፤ በኤውሮጳ 1944 የዱር እንስሳ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 61 ወጣ፤ በ1972 ደንብ ቍጥር 416 ተከተለ፤ በ1999 ዓ.ም.ም አዋጅ ቍጥር 541 ታወጀ። በእነዚህ ሕጎች ያለ ፈቃድ ማደን የተከለከለ ነው። ነገር ግን በወረቀት ያለ ሕግ በሸለቆ ውስጥ ብቻውን ያደፈጠውን ሰው የሚገታው፣ ሰውየው በልቡ የተቀበለው እንደ ሆነ ነው። የጥንቱን አዳኝ ዘበኛ አልጠበቀውም፤ በክት እንዳይበላ ሃይማኖቱ፣ ጥይት እንዳያባክን ድህነቱ፣ አቍስሎ እንዳይለቅ ክብሩ ጠበቁት።

ዛሬ በምዕራብ ጎጃም ለጉሬዛና ለሌላው የዱር ፍጥረት መጠጊያ ሆኖ የቀረው አብዛኛውን ጊዜ የደብርና የገዳም ዛፍ፣ ሰውም ለእርሻ ያልደፈረው የወንዝ ገደል ነው። በደብሩ አጥር ውስጥ ምሳር አይነሣም፤ ጥይትም አይተኰስም። ይህም በመንግሥት አዋጅ የመጣ ሳይሆን ምእመናን ተቀብለውት የኖሩት ሥርዐት ነው። የቀድሞዎቹ ሰዎች ውጅግራን የወደዱት ስለ ብረቱ ከሆነ፣ ብረቱ ዛሬም ከምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ማንም ሊወለውለው ይችላል። የወደዱት ስለ ልኩ ከሆነ ግን፣ ያን ልክ ለልጅ ማስተማር የአባቶችና የመምህራን ሥራ ነው። ድኩላው ካለቀ በኋላ በአማርኛ ያለው አዳኝ አንዱ ፍች ይጠፋል፤ ሁለተኛውም የሚያድነው አይኖረውም።